ለዓመቱ ምርጥ ተማሪነት ታጭቻለሁ፤ ስለ ትራፊክ መብራት ደህንነት ያጠናሁትን እስከ ምን ድረስ ልግለጽ?

መስቀለኛ፦

ጤና ይስጥልኝ። ምክራችሁን የምሻበት ጉዳይ ጥቂት ማብራሪያ ስለሚፈልግ ዘርዘር አድርጌ ባቀርበው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

አሜሪካ ውስጥ በሲቪል ምህንድስና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራበት ማዕከል በፌዴራሉ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ድጋፍ ከሚንቀሳቀሱት የዩኒቨርሲቲ ትራንስፖርት ማዕከላት አንዱ ነው። ማዕከላቱ በየዓመቱ እያንዳንዳቸው አንድ የዓመቱ ምርጥ ተማሪ ይመርጣሉ፤ የተመረጡትም በጃንዋሪ ወር የትራንስፖርት ምርምር ቦርድ ዓመታዊ ጉባኤ ዋሽንግተን ላይ በሚካሄድበት ሰሞን በአንድነት ይሸለማሉ። ዘንድሮ አማካሪ መምህሬ እኔን በዕጩነት ሊያቀርቡኝ መወሰናቸውን ነገሩኝና ስለ ምርምሬ የአንድ ገጽ መግለጫ እንድጽፍ አዘዙኝ። ደስታዬ ከልብ ነው፤ ሆኖም ያችን አንድ ገጽ ለመጻፍ ከተቀመጥኩ አሥር ቀን አለፈኝ።

የማጠናው ከተሽከርካሪዎች የገመድ አልባ መልእክት እየተቀበሉ የአረንጓዴ ጊዜያቸውን የሚያስተካክሉ የትራፊክ መብራቶችን ነው። በዚህ አሠራር ተሽከርካሪው የቆመበትን ቦታ፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ያሰራጫል፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው መሣሪያ ደግሞ ይህን አንብቦ ለየትኛው አቅጣጫ ስንት ሰከንድ እንደሚሰጥ ያሰላል። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እውነተኛ የመብራት መቆጣጠሪያ አለ፤ በአራቱም አቅጣጫ ትናንሽ አምፖሎች ተገጥመውለታል። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሆነን በሌለ መኪና ስም መልእክት ላክንበት። የሰሜኑ አረንጓዴ ሊጠፋ የሚገባው ሰዓት ደርሶ አለፈ፣ አምፖሉ ግን እንደበራ ቆየ። የምሥራቁ ቀይም አብሮት ቆየ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳንናገር አምፖሎቹን ስንመለከት ነበር።

ክፍተቱን ለአምራቹ ኩባንያና መሣሪያውን ለሚጠቀምበት የከተማ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቀናል። ኩባንያው ጉዳዩን ተቀብሎ ማስተካከያ በማዘጋጀት ላይ ነው፤ ገና አልጨረሰም። እኔ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ያዋልኩት መከላከያ በመሥራት ነው፦ መልእክቱ «መኪና አለ» ባለበት ቦታ በእርግጥ መኪና መኖሩን፣ ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረው የሽቦ ጠቋሚ ከሚያየው ጋር እያመሳከረ የሚያጣራ ሶፍትዌር ሠርቻለሁ።

የመግለጫዬ ረቂቅ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «በአንድ ላፕቶፕና በአንድ አንቴና የአንድን ከተማ የትራፊክ መብራቶች መቆጣጠር እንደሚቻል አረጋግጫለሁ።» አማካሪዬ አንብበው ጠንካራ መክፈቻ ነው አሉ፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ማስተካከያው ሳያልቅ ይህን ያህል መናገር ተገቢ ነው ወይ? በሕግ በኩልስ የሚያስጠይቅ ነገር አለ? ደግሞም የመከላከያውን ሥራ ወደፊት ባመጣው መግለጫው ይቀዘቅዝብኛል ብዬ እሰጋለሁ። በመጨረሻም ያንን ሙከራ እኩል ከእኔ ጋር የሠራው ባልደረባዬ አለ፤ ሽልማቱ የአንድ ሰው በመሆኑ ስሙን እንዴት ማንሳት እንዳለብኝ አላውቅም።

አክባሪ እኅታችሁ።


ነጭ ሰሌዳ፦

እኅቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። በአንድ ማዕከል ውስጥ ተማሪዎችን ከሚመርጠው ኮሚቴ ጋር ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ፣ ያችን አንድ ገጽ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚፈልግ በማውቀው ልክ ልንገርሽ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሽልማቱ ራሱ። የማዕከላቱ ፕሮግራም በ1987 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተመሠረተ ነው፤ የዓመቱ ተማሪ ሽልማትም ሠላሳ ዓመት ያለፈው ልማድ ነው። ተሸላሚው ከሚኒስቴሩ የምስክር ወረቀት፣ ከራሱ ማዕከል ደግሞ 1,000 ዶላርና ጉባኤውን የሚካፈልበትን ወጪ ሲያገኝ ቆይቷል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ክብሩ ግን በመስኩ ውስጥ የታወቀ በመሆኑ ከምረቃ በኋላ አብሮሽ ይሄዳል። መመዘኛዎቹ የምርምሩ ቴክኒካዊ ብቃት፣ የትምህርት ውጤት፣ ሙያዊ ሥነ ምግባርና የመሪነት ችሎታ ናቸው። አብዛኞቹ ዕጩዎች የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ገጹን ይጨርሳሉ። የአንቺ ጥናት ግን ከሌሎቹ የሚለየው በሦስተኛው ነው። ድልድይ ላይ ስለሚሠራ ኮንክሪት የሚያጠና ተማሪ ያገኘውን ውጤት ማንም ቢያነበው ጉዳት የለውም፤ አንቺ ያገኘሽውን ግን ክፉ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴው «ምን አገኘች?» ብሎ ጠይቆ አያቆምም፤ «ካገኘች በኋላ ምን አደረገችበት?» ብሎም ይጠይቃል፤ ለአምራቹና ለከተማው አስቀድመሽ ማሳወቅሽ የዚህ መልስ ነው። በረቂቅሽ ውስጥ ግን ከመጨረሻው መስመር በፊት አይታይም ብዬ እገምታለሁ።

ሁለተኛው ነገር አንባቢዎችሽ እነማን እንደሆኑ ነው። በኮሚቴዎቹ ውስጥ የአስፋልት ባለሙያ አለ፣ የጭነት ትራንስፖርት ኢኮኖሚ የሚያጠና አለ፣ የከተማ ፕላን ሰው አለ፤ የሳይበር ባለሙያ ግን አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ አንድ ነገር ያስታውሰኛል። በአማርኛ «ደህንነት» ስንል ከአደጋ መጠበቅንም ከጥቃት መጠበቅንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ሁለት ቃል ናቸው፣ በመንገድ ምህንድስና ውስጥም ሁለት የተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ሆነው ኖረዋል። የአደጋ መከላከል መሐንዲስ የሚታገለው ከዝናብ፣ ከጉም፣ ከተሳሳተ ኩርባና ከደከመ ሾፌር ጋር ነው። ዝናብ ደካማውን መስቀለኛ መንገድ መርጦ አይዘንብም። አጥቂ ግን ይመርጣል፤ ትናንት የተደፈነውን ቀዳዳ ትቶ ዛሬ ሌላ ይፈልጋል። ለዚህ ነው «ይህ ብልሽት ሊደርስ የሚችለው በስንት ዓመት አንዴ ነው?» የሚለው የቆየ ስሌት ለአንቺ ጥናት የማይሠራው። ይህን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ብታስረጂ አንባቢሽ ቀሪውን ገጽ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

መከላከያው መግለጫውን ያቀዘቅዘዋል በሚለው አልስማማም። በ2018 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ጥናት ለአንቺ ሥራ ቅርብ ስለሆነ ሳታውቂው አትቀሪም። በሚኒስቴሩ የተሽከርካሪ ግንኙነት የሙከራ ፕሮጀክት ውስጥ የነበረን አንድ የመብራት መቆጣጠሪያ ስልት ሲመረምሩ፣ የሐሰት መረጃ የሚያሰራጭ አንድ ተሽከርካሪ ብቻ ከባድ መጨናነቅ ሊፈጥር እንደሚችል አሳዩ፤ ሌላ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ በሚፈጅ መንገድ ላይ ከመኪኖቹ 22 በመቶ የሚሆኑት ከሰባት ደቂቃ በላይ ሊቆዩ እንደሚችሉ አሰሉ። ቁጥሩ አስደንጋጭ ነው፤ ጥናቱን ለእኔ ትልቅ ያደረገው ግን ምክንያቱን ማግኘታቸው ነው። ስልቱ ከሁሉ ዘግይቶ የሚደርሰውን መኪና ለማሳለፍ ሲል አረንጓዴውን ያራዝም ነበር፤ ስለዚህ «ዘግይቼ እደርሳለሁ» የሚል አንድ ውሸት የሁሉንም ጊዜ ይበላል። ምክንያቱ ሲታወቅ መከላከያውም ታወቀ፤ ተመራማሪዎቹ የተሽከርካሪውን ቃል በመንገዱ ላይ ባሉ ጠቋሚዎች ማመሳከርን መከሩ። አንቺ ያንን መንገድ ይዘሽ ሥራ ላይ የሚውል ነገር ሠርተሻል። እኔ ብሆን ገጹን የምጀምረው ከዚያ ነው።


ቁልፍና ሰንሰለት፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ እኔ የኮምፒውተር ደህንነት ሰው ስለሆንኩ ስለ ሕጉና ስለ ይፋ ማውጣቱ ላተኩር። ከነጭ ሰሌዳ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ ዝም ማለት ምንጊዜም የበለጠ ጨዋነት ነው የሚል ስሜት እንዳያድርብዎ ግን እሰጋለሁ።

ፍርሃትዎ መሠረት አለው። በ2008 ሦስት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች የቦስተንን የምድር ባቡር የክፍያ ካርድ ድክመት አጥንተው በአንድ የሰርጎ ገቦች ጉባኤ ላይ ሊያቀርቡ ሲሉ የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ ከሰሳቸው፤ ፍርድ ቤቱም ንግግራቸውን በጊዜያዊ እግድ አስቆመው። እግዱ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ተነሣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ተማሪዎቹ ሥርዓቱን ለማሻሻል አብረው ለመሥራት ተስማሙ። በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ ውስጥ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ አገር የትራንስፖርት ካርዶች ውስጥ ስለነበረ አንድ ቺፕ ያገኙትን እንዳያሳትሙ አምራቹ ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለሳይንሱ ነጻነት ፈረደ። ዛሬ እርስዎን ለሽልማት የሚያሳጭዎት ዓይነት ሥራ ያኔ ተማሪን ፍርድ ቤት ያስቆም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2015 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በቅን ልቦና ለሚደረግ የደህንነት ምርምር፣ የመኪና ሶፍትዌርን ጨምሮ፣ ከቅጂ መብት ሕጉ ክልከላ ነጻ የሚያደርግ ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡ በየሦስት ዓመቱ ይታያል፣ መሣሪያው በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆኑንም ይጠይቃል። በ2022 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴሩ በቅን ልቦና የሚሠራን የደህንነት ተመራማሪ በኮምፒውተር ወንጀል ሕጉ እንደማይከስ የሚገልጽ መመሪያ አወጣ። እርስዎ የሞከሩት በራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ ባለ መሣሪያ እንጂ ሰው በሚያልፍበት መስቀለኛ መንገድ ላይ አይደለም። ይህንን በመግለጫዎ ውስጥ በግልጽ ይጻፉት፤ የሥነ ምግባርዎ ዋናው ማስረጃ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳያጣሩ እንዳያልፉ። ከከተማው መሥሪያ ቤት የተቀበሉት የኔትወርክ ንድፍ ወይም የተጋላጭነት ግምገማ ካለ፣ «ጥንቃቄ የሚሻ የደህንነት መረጃ» ተብሎ በፌዴራል ደንብ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ ያለውን በሽልማት መግለጫ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም። የማዕከሉን አስተዳደር በጽሑፍ ጠይቀው መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።

አሁን ወደማልስማማበት ልምጣ። በ2010 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ቡድን፣ ከጸሐፊዎቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሆኑበት፣ የአንድን ዘመናዊ መኪና ውስጣዊ ኔትወርክ ከተቆጣጠሩ ፍሬኑን ማሰናከል እንደሚቻል አሳየ። አገልግሎት ባቆመ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲሞክሩት ሾፌሩ ፍሬን ረግጦ መኪናው አልቆመም። በ2011 ደግሞ መኪናውን ሳይነኩ ከሩቅ መግባት እንደሚቻል አረጋገጡ። የመኪናውን ስም ግን ደብቀው ለአምራቹ በግል ነገሩት። አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ እንደነበረና ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ ለመድፈን አምስት ዓመት ገደማ እንደወሰደበት የታወቀው ቆይቶ ነው። በ2015 ግን ሁለት ተመራማሪዎች ጂፕ ቼሮኪን ከሩቅ ተቆጣጥረው በአውራ ጎዳና ላይ ሞተሩን ሲያዳክሙት አንድ ጋዜጠኛ ከውስጥ ሆኖ ዘገበው፤ ኩባንያው 1.4 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከያ የጠራው ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ ነው። እነዚህም ቢሆኑ ለኩባንያው ከወራት በፊት አሳውቀው ነበር። ሰው በሚነዳበት ጎዳና ላይ መሞከራቸውን እኔ አልደግፍም፤ የማሳወቂያ ጊዜ ገደብ ማስፈለጉን ግን ሁለቱ ታሪኮች አንድ ላይ ሲታዩ ያስተምራሉ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ የተገኙ የሶፍትዌር ክፍተቶችን ማሳወቅ የሚያስተባብረው ማዕከል፣ ክፍተቱ ይፋ ከመውጣቱ በፊት ለአምራቾች በመደበኛነት የሚሰጠው 45 ቀን ነው። የትራፊክ መብራት በየካቢኔው፣ ማለትም መቆጣጠሪያው በሚቀመጥበት የመንገድ ዳር ሣጥን ሁሉ፣ ሰው ልኮ የሚታደስ በመሆኑ ከዚያ የበለጠ ቢሰጠው ተገቢ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ጊዜ ግን አይሰጥም። ለአምራቹ የቀጠሩለት ቀን ከሌለ ዛሬውኑ ይቅጠሩለት። መግለጫዎ ላይም የአምራቹን ስም፣ የመሣሪያውን ዓይነትና የመልእክቱን አሠራር ትተው የድክመቱን ዓይነት ብቻ ይግለጹ።


የሲግናል ባለሙያ፦

ልጄ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በመስቀለኛ መንገድ ካቢኔ ፊት ቆሜ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ የምናገረው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ እውነት ነው ብዬ አላምንም፤ ይህንን የምልሽ ሥራሽን አክብሬ ነው።

ካቢኔውን ስትከፍቺ ከመቆጣጠሪያው ለብቻ የተቀመጠ ሌላ ሣጥን አለ፤ ግጭት ተቆጣጣሪ እንለዋለን። ይህ ሣጥን ኮምፒውተሩ ምን እንዳዘዘ አይጠይቅም፤ ወደ አምፖሎቹ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ራሱን ነው የሚያየው። የሚጋጩ ሁለት አቅጣጫዎች አንድ ላይ አረንጓዴ ካገኙ ኮምፒውተሩን ከሥራ አውጥቶ መስቀለኛውን በሙሉ ወደ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ይወስደዋል። የትኞቹ አረንጓዴዎች አብረው ሊበሩ እንደሚችሉ የሚወስነው በውስጡ የተሰካ ካርድ ነው፤ በካርዱ ላይ ፈቃዱ የተጻፈው በብየዳ በተገናኙ ትናንሽ ሽቦዎች ነው። ያንን ለመለወጥ ካቢኔውን በቁልፍ ከፍቶ፣ ካርዱን ነቅሎ፣ የብየዳ ብረት ማጋል ያስፈልጋል። በአንቴና አይደረስበትም። እንግዲህ «የከተማን መብራቶች መቆጣጠር» ስትይ አንባቢው የሚያየው ሁሉም መኪና በአንድ ጊዜ አረንጓዴ አግኝቶ ሲጋጭ ነው፤ አንቺ ያሳየሽው ግን እሱን አይደለም።

ያሳየሽው መዘግየትን ነው። መዘግየት ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። አንድ አረንጓዴ ያለ አግባብ ሲረዝም ከኋላው ያለው ሰልፍ ወደቀጣዩ መስቀለኛ ይደርስና ያንንም ይዘጋዋል፤ አምቡላንስ መሐል ላይ ሲቆም እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ የተበላሸ ጠቋሚ ነበር እንጂ ጥቃት አልነበረም፣ ውስጥ ላለው ሕመምተኛ ግን ልዩነት የለውም። የሚሺጋን ተመራማሪዎች በ2014 በአንድ የመንገድ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ወደ መቶ የሚጠጉ መብራቶች ያሉበትን ኔትወርክ ሲፈትሹ ያገኙትም ተመሳሳይ ነው፤ ሬዲዮው ያለ ምስጠራ ይሠራ ነበር፣ የይለፍ ቃሎቹም ከፋብሪካ እንደወጡ ነበሩ። ግጭት ተቆጣጣሪው አደገኛ የሆነውን አረንጓዴ እንደሚከለክል እነሱም ጽፈዋል። አጥቂው ግን ሆን ብሎ ተቆጣጣሪውን ቢያስነሣው መስቀለኛው በቀይ ብልጭታ ላይ ይቀራል፤ ወደ መደበኛ ሥራው የሚመልሰው ቴክኒሻን እስኪመጣ ድረስም እንደዚያው ይቆያል። አንድ ቴክኒሻን ስንት ካቢኔ ሊደርስ ይችላል? ጉዳቱ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ይለፍ ቃሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ስጀምር በአንድ ካቢኔ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉ በፕላስተር ተለጥፎ አገኘሁት። የለጠፈው ሰው ግዴለሽ አልነበረም። በዝናብ መሐል፣ በሌሊት፣ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የሚመጣው ጓደኛው እንዳይቸገር አስቦ ነው። ተመራማሪዎች ይህንን ካልተረዳችሁ የምትሠሩት መከላከያ በሁለተኛው ሳምንት ይነቀላል። የአንቺ ማጣሪያ ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ንገሪኝ፤ ከአስፋልት ሥር ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ይበጠሳልና፣ ተበጥሶ ሳለ እውነተኛውን መኪና ሐሰተኛ ነህ ይለዋል ወይ? ይህን መልሰሽ ብትጽፊ እኔ ኮሚቴው ውስጥ ብሆን ለአንቺ እፈርዳለሁ።


ሐዲድ፦

በባቡር በኩል ስላለሁ በአጭሩ ልጨምር። ፖላንድ ውስጥ ሎጅ ከተማ በ2008 አንድ የ14 ዓመት ልጅ በራሱ በሠራው መሣሪያ የትራም ሐዲድ መቀያየሪያዎችን አዛብቶ ባቡሮች ከሐዲድ ወጥተዋል፣ ሰዎችም ተጎድተዋል። እዚያው አገር በ2023 በሬዲዮ የተላከ የሐሰት የማቆሚያ ምልክት ወደ ሃያ የሚሆኑ ባቡሮችን አስቆመ፤ ምልክቱ ምንም የማረጋገጫ ሥርዓት አልነበረውም። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። የእርስዎ ችግርና የእነዚህ ሥር አንድ ነው፤ መሣሪያው መልእክቱን ይሰማል፣ መልእክቱ እውነት መሆኑን ግን አይጠይቅም። በተሽከርካሪዎች ግንኙነት ውስጥ መልእክቶች በዲጂታል ፊርማ እንደሚታተሙ አውቃለሁ፤ ፊርማ ግን ላኪውን እንጂ የተላከውን ቃል አያረጋግጥም። ማኅተሙ እውነተኛ የሆነ ደብዳቤ ሐሰት ሊይዝ ይችላል። የእርስዎ ሥራ ከአንድ ኩባንያ መሣሪያ በላይ የሚሄደው በዚህ ስለሆነ፣ መግለጫዎን በዚህ ላይ ቢመሠርቱት የኩባንያውን ምሥጢር ሳይነኩ ብዙ መናገር ይችላሉ።

ስለ ባልደረባዎ፦ ሽልማቱ የአንድ ሰው ቢሆንም መግለጫው የአንድ ሰው መሆን የለበትም። ሙከራው የሁለታችሁ ከሆነ «ሠራን» ይበሉ፣ ማጣሪያው የብቻዎ ከሆነ «ሠራሁ» ይበሉ። ከማስገባትዎ በፊት ገጹን ራሱ እንዲያነበው ይስጡት።


መስቀለኛ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ የሲግናል ባለሙያ፣ እርማትዎ ልክ ነው፤ በጠረጴዛችን ላይ ግጭት ተቆጣጣሪው ተገጥሞ ስለነበር አንድም ጊዜ የሚጋጭ አረንጓዴ አላየንም፣ እኔ ግን ይህንን በረቂቁ ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር። ስለ ተበጠሰው ሽቦ የጠየቁኝን ወደ ሥራዬ ተመልሼ ሞከርኩት። ጠቋሚው ድምፁን ሲያጠፋ ማጣሪያዬ እውነተኞቹን መኪኖች መጣል ጀመረ። አሁን ጠቋሚው መሥራቱ በተጠረጠረ ጊዜ ማጣሪያው ራሱን አግልሎ መስቀለኛው ቀድሞ በተወሰነለት የጊዜ ሰሌዳ እንዲሄድ አድርጌዋለሁ፤ ያለ እርስዎ ጥያቄ ይህ እስከ መመረቂያዬ ድረስ ተደብቆ ይቆይ ነበር።

ከማዕከሉ አስተዳደር በጽሑፍ መልስ አግኝቻለሁ፤ ከከተማው ከተቀበልነው ውስጥ አንዱ ሰነድ በእርግጥ የተጠበቀ በመሆኑ ከእሱ የተወሰደችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር አውጥቻለሁ። ለአምራቹም የቀጠሮ ቀን ጽፈንለት ተቀብሏል። ባልደረባዬ ገጹን አንብቦ ሁለት ቦታ ላይ «አይ፣ ይሄ የአንቺ ነው» ብሎ መልሶልኛል።

አዲሱ መክፈቻ ይህ ነው፤ አስተያየት ካላችሁ እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ፦

«የትራፊክ መብራቶች ተሽከርካሪዎች የሚልኩላቸውን መልእክት ማመን ጀምረዋል። የመልእክቱ ፊርማ ላኪውን ያረጋግጣል፤ የተነገረው ነገር እውነት መሆኑን ግን አያረጋግጥም። እኔና ባልደረባዬ በቤተ ሙከራ ውስጥ ባለ መሣሪያ ላይ እንዳሳየነው፣ በሌለ መኪና ስም የተላከ መልእክት የአረንጓዴውን ጊዜ ያለ አግባብ ሊያራዝም ይችላል፤ የሚጋጩ አቅጣጫዎችን የሚከለክለው መሣሪያ ሥራውን ስለሚሠራ ውጤቱ ግጭት አይደለም፤ ነገር ግን ሰልፉን ወደ አጎራባች መስቀለኛ መንገዶች የሚያደርስ መዘግየት ነው። ግኝታችንን ከማሳተማችን በፊት ለአምራቹና ለተጠቃሚው መሥሪያ ቤት አሳውቀናል። ከዚያም መልእክቱን ከመንገዱ ጠቋሚዎች ጋር የሚያመሳክርና ጠቋሚው ሲበላሽ ራሱን የሚያገል ማጣሪያ ሠርቻለሁ።»


የሲግናል ባለሙያ፦

ልጄ፣ ይህን አምኜ እፈርምልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስተካክዪ። «መዘግየት» ብለሽ አትተዪው፤ እኛ መስቀለኛን የምንመዝነው አንድ መኪና በአማካይ በሚያጣው ሰከንድ ስለሆነ፣ ማጣሪያው ሳይኖርና ኖሮ የለካሽውን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። የአስፋልቱም የፕላኑም ሰው በዚያ ቋንቋ ያነበዋል።